የጫማ ሰፊው ጆሮ

«ጋሼ፣ ሻይ መጥቷል!» ብሎ ጮኸ ጡረተኛው ሾፌር።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ክው ብሎ ቀረ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ የሚለው ጫማ ሰፊ የተቀበረው ትናንት ነው። ሾፌሩ ግን ዓመታት ሙሉ ጎረቤቱን በጩኸት ሲጠራ ስለኖረ አፉ ቀደመው። ብርጭቆውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ።

«ይቅር በሉኝ» አለ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው። ይኼ ጎሮሮዬ የተበላሸው እኮ በእሳቸው ጆሮ ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳይወድ ፈገግ አለ። ሟቹ ደንቆሮ እንደነበር በሰፈሩ የማያውቅ አልነበረም። ጫማ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ እጁን አፉ ዙሪያ አድርጎ ነበር የሚያናግረው።

የሟቹ ሚስት ከድንኳኑ ራስጌ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አልሳቀችም። ሾፌሩን አየችው፤ የምትናገረው ነገር ያላት መሰለች፤ ከዚያ ዓይኗን መለሰች።

እህቷ ከፔርሙዙ ሻይ እየቀዳች ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ያቺ ደግሞ ምን ፍለጋ መጣች?»

«ማን?»

«ልብስ አጣቢዋ ናታ! በሩ ሥር። እያት እስቲ፣ ዓይኗ ድርቅ ያለ ነው። ትናንትም እንዲሁ ተቀምጣ ዋለች። ሰው ለቅሶ ቤት የሚመጣው ሊያለቅስ አይደለም እንዴ?»

«አንቺም ከመጣሽ አላለቀስሽም።»

«እኔማ ሥራ ይዤ ነው!»

«እሷም ይዛ ይሆናል» አለች ሚስቱ። «ሻይ ስጫት።»

አጣቢዋ ብርጭቆውን ተቀበለች። ሳሙና የበላው እጇ ነጭ ሆኗል። ሻዩን ሳትጠጣ ይዛው ቆየች።

ጫማ ሰፊው የተከበረው በጫማ አልነበረም። ስፌቱ ደህና ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። የተከበረው በመሐላ ነው። ነገሩ የተጀመረው እንደ ዘበት ነበር። ሁለት ነጋዴዎች እሱ በር ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው ጫማውን ለስፌት ሰጥቶ ባዶ እግሩን ነው። «እምላለሁ!» አለ። ጫማ ሰፊው ወስፌውን አስቀመጠና የሰውዬውን ጫማ በሁለት እጁ ይዞ ቀና ብሎ አየው። ሌላ ምንም አላደረገም። ሰውዬው መሐላውን ጀምሮ መሃል ላይ አቆመና «ቆይ፣ ነገሩን እንደገና ልናገር» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ሆነ። ነገር የከረረበት ሰው ወደ እሱ ይመጣል። የሚምለው ጫማውን አውልቆ ይሰጠዋል፤ እጁን ከቅዱስ መጽሐፉ ላይ ያደርጋል። ጫማ ሰፊው ቃል አይናገርም። ጫማውን በጨርቅ እየጠረገ ያዳምጣል። ካመነ ጫማውን ይመልሳል። ካላመነ መጥረጉን ይቀጥላል። ይጠርጋል፣ ይጠርጋል፤ ሰውዬው በባዶ እግሩ ቆሞ ያልበዋል። ብዙ ሰው እውነቱን የተናገረው ጫማው ከተገዛበት ቀን የበለጠ ካብረቀረቀ በኋላ ነው።

«ዳኛ አይደለሁም» ይል ነበር። «ሰሚው ሌላ ነው። እኔ ጫማ ያዥ ነኝ።»

በኋላ ጆሮው ጠፋ። ሁለት ሰዎች ሊማማሉ ሲመጡ ጣቱን ወደ ጆሮው አመለከተና ራሱን ነቀነቀ። ሰው አዘነ፤ ዕድሜ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ የሚምለው በየደጁ ነው፤ ጫማውንም የሚያወልቅ የለም።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ይኸው ነበር።

«በእሳቸው ጊዜ ሰው ጫማውን ከማውለቁ በፊት ደጋግሞ ያስብ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው። «አሁን አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ‹በእግዜር ስም፣ መንገድ ላይ ነኝ› ይላል።»

«አንተ ራስህ ‹ሱሪህ ለነገ ይደርሳል፣ እግዜርን!› ያልከኝ መቼ ነው?» አለው ሾፌሩ።

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«እሱ የሥራ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሾፌሩ ግን አልሳቀም። «ቀልዱን ተወው» አለ። «የጸሎት ቤት አነሰን እንዳንል በየመንገዱ ተሠርቷል። ድምፅ ማጉያው ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰናል። እናቴ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። የጎረቤት ዶሮ እኛ ግቢ እንቁላል ከጣለች ግን እንቁላሉን ይዛ ትሮጥ ነበር፤ ሳይቀዘቅዝ ላድርስ ብላ። አሁን ጸሎቱ ይሰማል፤ እንቁላሉን የሚመልስ ጠፋ።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«የጋሼ ቦታ ባዶ መቅረት የለበትም። ልጃቸው ይተካ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተነጋግረንበታል።»

ልጁ ድንኳኑ መሃል ቆሞ ወንበር ያቀርባል። ዘንድሮ ለጸሎት ቤቱ ድምፅ ማጉያ የገዛው እሱ ነው። ስሙ ሲነሳ ሰማ፤ አንገቱን ደፋ አደረገ፤ ጥሩ ልጅ እንደሚያደርገው።

እናቱም ሰማች። አጣቢዋም ሰማች። ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች።

የአጣቢዋና የልጁ ነገር የመተላለፊያ ነገር ነበር። አጣቢዋ የምትኖረው ከጫማ ሰፊው ቤት ጀርባ ነው። ከእናቷ ዘመን ጀምሮ ወደ ዋናው መንገድ የሚወጡት በቤቱ ጎን ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነበር። መተላለፊያዋ የእነ አጣቢዋ ነች። ልጁ ሱቅ ልክፈት ብሎ ሲነሳ ያቺ ቦታ አማረችው። አጣቢዋ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ስትመለስ፣ መንገዷ ላይ ግድግዳ ቆሞ አገኘች።

ወደ ጫማ ሰፊው መጣች። የት ትሂድ?

«ልጅዎ መንገዴን ዘጋው» አለች።

«ራሷ በቃሏ ሰጥታኛለች» አለ ልጁ። «አሁን ሱቁን ስታይ ሐሳቧን ለወጠች።»

ጫማ ሰፊው ልጁን አየው። «ሂድና አድረህ ና» አለው። ልጁ አደረና መጣ። ጫማውን አወለቀ፤ አዲስ ቡናማ ጫማ ነበር። እጁን ከመጽሐፉ ላይ አደረገ።

«በቃሏ ሰጥታኛለች። ብዋሽ እግዜር ይፍረድብኝ።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እናቱ ከኩሽናው በር ሆና ታያለች። ባሏ ጨርቁን እስኪያነሳ ጠበቀች። አላነሳም። የጋለ ብረት እንደያዘ ሰው ጫማውን ቶሎ ወደ ልጁ ገፋው፤ ፊቱንም አላየው።

«ምሏል» አለ። «በቃ።»

አጣቢዋ አልጮኸችም። «ጋሼ?» ብቻ አለች። ጫማ ሰፊው ወስፌውን አንስቶ ወደ ሥራው ዞረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮው አልሰማ አለ። አጣቢዋም የደንበኞቿን ልብስ በሳፋ ተሸክማ በጓሮው ጭቃ እየዞረች መውጣት ጀመረች።

ለቅሶው ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ልጁ እናቱን ኩሽና ውስጥ ብቻዋን አገኛት። ብርጭቆ ታለቀልቃለች።

«እማዬ፣ ተይው እንጂ፣ ሌሎች ያጥቡታል። ነገ ሽማግሌዎቹ ያነሱልሻል። ምርቃትሽን ብቻ ነው የሚፈልጉት።»

«ምን ብዬ ልመርቅ?»

«‹የአባትህን ቦታ ያዝ› ነዋ። ሌላ ምን ይባላል?»

«አንተ የሰው ጫማ ልትይዝ ነው?»

ልጁ በሩን ገርበብ አደረገው። «ያ ነገር እኮ አልቋል። የጨረሰውም አባባ ራሱ ነው። ጫማዬን መልሶልኛል።»

«ሳይጠርግ ነው የመለሰልህ።»

«እና?»

«አይተኸዋል ማለት ነው።»

ልጁ ሲመልስ ቁጣ አልነበረበትም፤ ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ እንደሚያስረዳው ነበር። «እማዬ፣ የምትጎጂው እኔን ብቻ እንዳይመስልሽ። ይህን ካነሳሽ የሚወድቀው የአባባ ስም ነው። ሰው ቀብሮት ገና እግሩን ሳያሳርፍ፣ ‹ለልጁ አድልቶ ነበር› ይባል? በእሱ ፊት የተማለ ሁሉ ‹ያኔስ?› ይበል? ይህን ነው ለአባባ የምታደርጊለት?»

ወጣ። ሚስቱ ብርጭቆ በእጇ እንደያዘች ቆመች። ልጇ እውነቱን ነው። ስትናገር ሁለት ሰው ታዋርዳለች፤ አንደኛው ደግሞ ተነስቶ ስለ ራሱ መናገር አይችልም። ዝም ስትል ግን ነገ ባዶ እግሩን ቆሞ የሚምል ሰው፣ ጫማውን ለዚህ ልጅ ይሰጣል።

ባሏ እንደሚሰማ ያወቀችው እዚሁ ኩሽና ውስጥ ነው። ደነቆረ ከተባለ ብዙም አልቆየም ነበር። የፈላ ውሃ እጇ ላይ ፈሰሰ። አልጮኸችም፤ «ውይ» አለች፤ እሱም ትንፋሽ ያህል ነው። ባሏ ከጓሮው ክፍል ቀዝቃዛ ውሃ በጣሳ ይዞ ሮጦ መጣ።

እጇን ውሃው ውስጥ እንደነከረች አየችው።

«ሰማኸኝ?»

ጫማ ሰፊው መሬት መሬት አየ። «ሰማሁሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጠፍቶ አያውቅም።»

አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እጇ ከጣሳው ሳይወጣ ነገራት። ልጁ አጣቢዋን መንገዷን የለመናት ቀን እሱ ከአጥሩ ወዲህ ቆዳ ያሰጣ ነበር። የሁለቱንም ድምፅ ሰምቷል። «‹ይህን ከሰጠሁህ እኔ በክንፍ ልወጣ ነው?› አለችው። ሳቄ መጥቶ ነበር» አላት። «ሲምል፣ አሁን ያቆማል ብዬ ጠበቅሁ። አላቆመም። ጫማውን ይዤ ብቆይ ሰው ሁሉ ያውቅበታል፤ ልጄ ነው። መለስኩለት።»

«ሂድና ንገራቸው እንግዲህ።»

«ድፍረት አጣሁ። ከእንግዲህ የሰው መሐላ ለመስማትም ፊት የለኝም። እኔ እያለሁ ለማንም አትንገሪ።»

ከዚያ በኋላ በሰው ፊት እየጮኸችለት፣ ብቻቸውን ሲሆኑ በቀስታ እያወራችው ኖሩ። አንዳንዴ ትበሳጭ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ፣ በሰው መሃል ስትጮህበት፣ እሱ ፊቱን ቋጥሮ «ምን አልሽ?» ሲላት፣ ሳቋን መያዝ ያቅታት ነበር።

ለቅሶው በሚያበቃበት ቀን ሰው ከወትሮው በዛ። ሾፌሩ ከመቀመጫው ተነሳ። ስለ ሟቹ ተናገረ፤ አላበዛም። ከዚያ ልጁን አስነሳና አጠገቡ አቆመው።

«እህቴ፣ ቦታው ባዶ እንዳይቀር ብለን ነው። ልጅሽ የአባቱን ወንበር ይያዝ። አንቺ መርቂልን።»

ሚስቱ ከፍራሹ አልተነሳችም።

«ባሌ ደንቆሮ አልነበረም» አለች።

ሰው የሰማውን አላመነም። ልብስ ሰፊው ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «ምን አለች?» አለ።

«ይሰማ ነበር። ሁሉን ይሰማ ነበር። እኔ እያለሁ አትንገሪ ብሎኝ ነው፤ አሁን የለም።»

ሾፌሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስጮህ...»

«ይሰማህ ነበር። ‹ይህ ሰውዬ አንድ ቀን የእውነት ያደነቁረኛል› ይል ነበር።»

የሳቀ አልነበረም። ሚስቱ ነገሩን በቀጥታ ተናገረች፤ አላስረዘመችም፤ አላለቀሰችም። አጣቢዋ መንገዷን እንዳልሰጠች፣ ባሏ ይህን በገዛ ጆሮው እንደሰማ፣ ልጇ ሲምል ሐሰት መሆኑን እያወቀ ጫማውን እንደመለሰለት።

«ለልጁ አደላ» አለች። «ሌላውን መሐላ ሁሉ በትክክል ይዞታል። ይህን ግን ጣለው። ስለጣለው አፍሮ ጆሮውን ዘጋ። አሁን እናንተ ልጄን እዚያው ልታስቀምጡት ነው። እኔ አልመርቅም።»

ልጁ የእናቱን ዓይን ፈለገ። አገኘው፤ ግን አልቻለውም። «አባባ ሰምቶ ነበር?» አለ። ድምፁ የሕፃን ሆኖ ወጣ። ማንም ሳይመልስለት በሰው መሃል እየተሹለከለከ ወጣ።

ሾፌሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አንዳንዱ ሰው ስልኩን አወጣና ማየት ጀመረ፤ የሚያየው ነገር ኖሮት አይደለም። አንድ ነጋዴ «እኛም ያኔ እሳቸው ፊት...» ብሎ ጀመረ። ሾፌሩ አቋረጠው።

«አንተ ያኔ ጫማህ ስንት ጊዜ ተጠረገ?»

ነጋዴው እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰበ።

«እንግዲያው ዝም በል። ሰውዬው አንድ ጊዜ ወደቀ፤ ዕድሜ ልኩን ተቀጣበት። እኛ በየቀኑ ወድቀን እራት እንበላለን።»

ሰው ጥቂት በጥቂት ተበተነ። «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል፤ ይወጣል። አንዳንዱ እንደወትሮው እጇን ጨበጣት፤ አንዳንዱ ከሩቅ አለፋት። ልብስ ሰፊው ሰላም ሳይላት ሄደ። ይህን ጠብቃ ነበር።

ልጁ ሳይመሽ ተመልሶ መጣ። ሸሚዙ አቧራ ለብሷል። እናቱን አላያትም። በሩ ሥር ወደተቀመጠችው አጣቢ ሄዶ ቆመ።

«እትዬ፣ ስፋቱ ምን ያህል ነበር?»

አጣቢዋ ቀና ብላ አየችው። «ምኑ?»

«መንገድዎ።»

ትንሽ አሰበች። «ሳፋ የያዘ ሰው ክርኑ ግድግዳ ሳይነካው የሚያልፍበት» አለች።

ራሱን ነቀነቀና ወጣ። ከሱቁ በኩል መደርደሪያ ሲጎተት ተሰማ።

ድንኳኑ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። አጣቢዋ አልተነሳችም።

«እትዬ፣ በእውነት ይሰሙ ነበር?»

«ይሰማ ነበር።»

«ሁሌ?»

«ሁሌ።»

አጣቢዋ ነጭ እጇን በጉልበቷ ላይ አሻሸች። «ጠዋት ጠዋት በጓሮው መስኮት ሥር ሳልፍ...» አለችና ቆመች። «እዚያ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። አይሰሙም ብዬ እናገር ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ክፉ ነገር ነው የምናገረው። አንተ እያልኩ። ‹በባዶ እግርህ እሾህ ላይ ያቁምህ› እላለሁ። ስሄድ እላለሁ፣ ስመለስ እላለሁ። እየሰፉ ቀና እንኳ አይሉም።»

«ወንበሩን ወደዚያ መስኮት ያዞረው ለምን ይመስልሻል?»

«ብርሃን ፍለጋ መስሎኝ።»

«ብርሃኑማ በፊት ለፊት ነው ያለው» አለች ሚስቱ። «አንቺን ሊሰማ ነው። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞሽ አልወጣሽም። ‹ዛሬ አላለፈችም› አለኝ። ምሳ አቀረብኩለት፣ አልነካውም። ‹ሂጂና እያት› ብሎ ላከኝ። ሎሚ ይዤልሽ የመጣሁት ያን ቀን ነው።»

ለቅሶው ከተጀመረ ጀምሮ ደርቆ የዋለው የአጣቢዋ ዓይን ሞላ። ቀድሞ ትከሻዋ ተናወጠ፣ ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ልብስ ስትጨምቅ እንደምታደርገው ተጎንብሳ አለቀሰች።

ሚስቱ ፍራሹ ላይ ጠጋ አለችላት። አጣቢዋ ከበሩ ሥር ተነስታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው ድንኳኑን ገልጦ ገባ። ከሩቅ ሰፈር የመጣ የድሮ ደንበኛ ነው፤ ሞቱን የሰማው ዛሬ ነው፤ ቤተሰቡንም አያውቅም። ባርኔጣውን አወለቀ። ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ሴቶች አይቶ ጎንበስ አለ።

«እግዜር ያጽናችሁ» አለ።

ሚስቱ ልትመልስ አፏን ከፈተች። አጣቢዋ ግን ቀደመቻት። ሁለት እጇን ዘርግታ የሰውዬውን እጅ ያዘች።

«አሜን» አለች።